የሚስተር ሃርላን ፈረስ

ሚስተር ሃርላን ማክሰኞ ሞቱ፤ ዛሬ ሐሙስ ሊቀበሩ ነው። መኪናቸው ግን ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሶ ተቆልፎበታል። ይህን እያወቅሁ እንዴት ልቀመጥ? በቤታቸው ሳሎን ሙሉ ሰው ብስኩት ይዞ ያንሾካሹካል፤ እኔ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት።

እኚህ ሰው እኮ የዋዛ አልነበሩም። በወጣትነታቸው ከረባታቸውን አስረው መኪና የተሽቀዳደሙ ጨዋ ናቸው። ኋላም እዚሁ ሰው አገር፣ ኦቤትስ በምትባል ከተማ ባለው ወርክሾፓቸው ዘጠኝ የእሽቅድምድም መኪና በእጅ ሠርተዋል። የመጨረሻውን፣ አሁን የተቆለፈበትን የቀዩን፣ ቆርቆሮ የቀጠቀጠው አማቼ ዓባይነህ ነው። ምሳውን ላደርስ ስሄድ፣ ፊደል ላልቆጠርኩት ለእኔ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወንበር ይስቡልኝ ነበር። ከተማሩት የሀገሬ ሰዎች ስንቶቹ ቆመው አስቀምጠውኛል?

«ፈረሱ የት አለ?» አልኩ፤ መኪናቸውን ማለቴ ነው።

«እማማ፣ ፕሊስ፣ ሲት ዳውን» አለች ኮሌጅ ያለችው የልጅ ልጄ ሉሉ።

«ለልጃቸው ንገሪያት። በጀግና ለቅሶ ፈረሱ ተጭኖ ይወጣል በያት።»

ሉሉ እያፈረች ተረጎመች። የሟች ልጅ ሱዛን ፊቷ ቀላ።

«ወገባቸውን የሰበራቸው እሱ መኪና ነው፣ አይወጣም ትላለች» አለች ሉሉ።

«የወደቁት እሳቸው፣ የተቀየመችው እሷ? እንዳለ ንገሪያት፤ አታጣፍጪው።»

ይኼኔ ዓባይነህ ጥግ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። «በተሰበሩ በወሩ በከዘራ መጡ» አለ። «‹መኪናው ውስጥ መግባት አቃተኝ፣ መቀመጫውን ዝቅ አድርግልኝ› አሉኝ። አደረግሁላቸው።»

ሱዛን ይህን አልሰማችም ነበር። ሉሉን ሁለቴ አስደገመቻት። ከዚያ ተነሥታ ከመሳቢያ የጋራዡን ቁልፍ አወጣች።

ሸራው ሲገፈፍ ዓባይነህ ዘሎ ገባና ሞተር ሊያስነሣ ሲል፣

«ውረድ» አልኩት። «የሟች ፈረስ ይሳባል እንጂ አይጋለብም።»

«መኪና እኮ ልጓም የለውም፣ እማዬ።»

«አፍህን ዝጋና ፍሬኑን ልቀቅ። ልጃቸው ውጭ ሆና መሪውን ትያዝ።»

ብስኩታቸውን አስቀምጠው ሁሉም ከኋላ ገፉ። መቀመጫው ባዶ፣ ባርኔጣቸው ላዩ ላይ። ሱዛን ጎን ለጎን እየሄደች፣ አንድ እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ መሪውን ያዘች። ቤቱን በሚዞረው የጠጠር መንገድ ሦስቴ ይዞራል ብያቸዋለሁ።

ሦስቱ ሞላ። ሱዛን እያለቀሰች አራተኛውን ጀመረች። የቀብር ሰዓት ደርሷል፣ አስከሬን የሚወስደው ሰውዬ ሰዓቱን ያያል።

«እማማ፣ ስቶፕ አድርጊያቸው» አለች ሉሉ።

«ምን አስቸኮለሽ?» አልኩና እኔም ከኋላ ገብቼ ገፋሁ።