የዙሌካ ሽማግሌዎች

ዑስማን መካኒሳ ላይ ጨርቅ ሲሸጥ የሸበተ ሰው ነው፤ በሽምግልና የማይበርድ ነገር አለ ብሎ አያምንም ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በአጥር ሲካሰሱ፣ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ስለዚህም በ1969 ዓ.ም. የአብዮት ጥበቃ ጓዶች አንድያ ልጁን ዙሌካን ከደጃፉ ሲወስዷት፣ ሚስቱ ቀመሪያ ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ፣ እሱ "አይዞሽ፣ ሰው አለን እኮ" እያለ ያጽናናት ነበር። አይ ሰው!

ዙሌካ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በዚያ ሳምንት ተማሪዎቹ ግቢያቸው ውስጥ ተሰብስበው ነበር። የታሰሩት ጓደኞቻችን ወይ ይፈቱ ወይ ፍርድ ቤት ይቅረቡ ነው ያሉት፣ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ሁሉም ፈርቶ እርስ በርሱ ሲተያይ አንዲት ልጅ ወንበር ላይ ወጣችና የታሳሪዎቹን ስም በየተራ ጠራች፤ ከእያንዳንዱ ስም በኋላም "የት ነው?" አለች። ያቺ ልጅ ዙሌካ ነበረች። ቤት ገብታ ለእናትና ለአባቷ ራሷ ነገረቻቸው። ዑስማን ፈራም፣ ኮራም፤ ኩራቱን ግን ዋጥ አደረገው።

በተማሪዎቹ መሃል የነበረ ጆሮ ጠቢ ለቀበሌው ያደረሰው ወሬ "የመካኒሳ ልጅ ናት" የሚል ብቻ ነው። መልኳን በውል ያየ አልተገኘም። ቀበሌውም ዩኒቨርሲቲ የሚማሩትን ሦስቱን የሰፈር ሴቶች ለቀማቸው፤ ዙሌካን፣ የጎረቤቷን ልጅ ገዲሴንና ሌላ አንዲት ልጅ። ተገረፉ። ሦስቱም "አላየንም፣ አልሰማንም" ብለው ድርቅ አሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ዑስማን ቁርስ ይዞ ወደ ቀበሌው ሲሄድ የእስር ቤቱ ዘበኛ አዘነለትና በበሩ ስንጥቅ አገናኘው። የልጁ ከንፈር አብጧል።

"አባዬ፣ እስካሁን አንዳችንም ምንም አላልንም። ምስክርም የላቸውም። አንተም ለማንም እንዳትናገር። ዝም ካልን ይለቁናል።"

"እሺ ልጄ።"

እሺ አለ እንጂ ልቡ አልተቀበለውም። ዝምታ ለእሱ ዘመድ የሌለው ሰው ዘዴ ነው። እንግዳ የሚባለው የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ባዳ አይደለም፤ አምና ሚስቱ ጥላው ስትሄድ ለምነው የመለሱለት ዑስማንና የእድሩ ዳኛ ጋሽ ከበበው ናቸው።

"እንግዳ እኛን እምቢ ሊለን?" አላት ለቀመሪያ።

"ልጅቷ ዝም በሉ ብላ የለም እንዴ?"

"በዱላ የደነበረች ልጅ ምን ታውቃለች?"

ጋሽ ከበበውንና ሼህ ሙሄን በዚያው ጠዋት ሱቁ ጠራቸው። በሩን ገርበብ አድርጎ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አወጋቸው፤ ወንበር ላይ መውጣቷንም፣ ስም መጥራቷንም። ሽማግሌ የሚልክ ሰው ጉዳዩን አይሸሽግም። ወጉ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ደጅ ይቆማል፣ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ መጀመሪያ ጥፋቱን ያምናል፣ ከዚያ ምሕረት ይለምናል። ጥፋት ሳያምኑ ማሩን ማለት እንደ ንቀት ነው የሚቆጠረው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

"ምን አለ?" አለ ዑስማን ገና ከደጅ።

"ተቀመጡ ሲለን አንቀመጥም አልን" አለ ጋሽ ከበበው። "ልጃችን አጥፍታለች፣ ልጅነቷን አይተህ ማርልን አልነው። 'ምን አጠፋች አባቶቼ?' አለን፤ ረጋ ብሎ ነው የጠየቀን፣ ጨዋ ልጅ ነው። ወንበር ላይ ወጥታ የተናገረችው እሷ ናት፣ ሰው ገፋፍቷት ነው፣ አልነው።"

"ከዚያስ?"

"ብድግ ብሎ እጃችንን ይዞ አስቀመጠን! ለስላሳ ሁሉ አስመጣልን። 'ሥራዬን አቀለላችሁልኝ' ነው ያለው።"

"ሽማግሌ ካስቀመጠ ማረ ማለት ነው" አለ ሼህ ሙሄ፣ እጁንም ዘርግቶ ዱዓ አደረገ።

ዑስማን አሚን አለ። ቀመሪያ ልጇ ስትመጣ ገላዋን የምትታጠብበት ውኃ ጣደች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገዲሴ መጣች። እያነከሰች፣ ብቻዋን። እሷንና ሦስተኛዋን ልጅ ለቀዋቸዋል።

"ዙሌካስ?" አለች ቀመሪያ፣ ከኋላዋ መንገዱን እያየች።

"በመኪና ወሰዷት።"

"ወዴት?"

"እንጃ። እጇን የፊጥኝ አስረው ነው የጫኗት።"

ቀመሪያ እንደቆመች መሬት ላይ ተዘረፈጠች። ገዲሴ ወደ ዑስማን ዞረች፤ ዓይኑን ግን አላየችውም።

"ጋሼ፣ ዙሌካ ራሷ ናት ያመነችው። ማንም አልተናገረባትም። ይህን ለአባቴ ንገሪልኝ፣ አደራ፣ ብላኛለች።"

"መቼ ነው ያመነችው?"

"በ... በማለዳ። ቁርስ ሳይመጣልን በፊት።"

ቁርሱን ያደረሰው ዑስማን ነው፤ ምንም አላልንም ስትለውም በጆሮው ሰምቷል። ልጁ እጇ ታስሮ፣ መኪና ልትጫን ስትል፣ የቀራትን ትንፋሽ ለእሱ ብላ በዚህ ውሸት እንደጨረሰችው ገባው። አሳልፎ የሰጣት ቀበሌ አይደለም፣ ጆሮ ጠቢም አይደለም፤ አሳልፎ የሰጣት እሱ ነው።

"ዝም እንበል ያለችው እሷ!" እያለች ቀመሪያ መሬቱን በእጇ ትደበድባለች። "ለምን አመነች? ምን ነካት ልጄን? የዙሌካ አባት፣ ምን ነካት?"

ዑስማን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ገዲሴ እንባ ባቀረረ ዓይን ቀና ብላ አየችው።

"እንግዲህ ራሷ ካመነች" አላት ለሚስቱ፣ "እኛ ምን እናደርጋለን።"