አብዱልመናን የደፈናቸው ስምንት ቀዳዳዎች

አዳማ ውስጥ አብዱልመናንን የማያውቅ ሾፌር ካለ፣ ጎማው ተንፍሶበት የማያውቅ ሾፌር ነው። ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ዳር ሠላሳ ዓመት በጎሚስታነት ኖሯል፤ ሠላሳውንም ዓመት ሰው ሲንቅ ኖሯል። ሾፌሩን "አንተ የምትነዳው በሬ እንጂ መኪና አይደለም" ይለዋል። ማዶ ያለውን ጎሚስታ ደግሞ "ይሄ ካልሲ እንጂ ከመነዳሪ አይጠግንም" ይለዋል። እጁ ወርቅ ባይሆን ኖሮ በዚህ አፉ አንድ ደንበኛ አይቀረውም ነበር። እሱ የለጠፈው ልጣፊ ግን ጎማው አልቆ እንኳ አይለቅም።

ከሁሉ አብልጦ የናቀው የልጁን የሲሃምን መኪና ነው። ሲሃም ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ትማራለች። መኪናዋ በሪሞት የምትነዳ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተሳበች የምትወጣ፣ ርዝመቷ ክንድ የማይሞላ ነገር ናት። እንደሷ ያሉ ወጣቶችና ልጅነት ያልለቀቃቸው ጎልማሶች ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ጥቁር ድንጋይ ሥር ይሰበሰባሉ። ፉክክሩ የፍጥነት አይደለም፤ ሳይንሸራተቱና ሳይገለበጡ ጫፍ መድረስ ነው። ዘንድሮ አንደኛ የወጣ ናይሮቢ ሄዶ ይወዳደራል ተብሏል። ሲሃም ዓመቱን ሙሉ የለፋችው ለዚህች ጉዞ ነው። ጎማዎቹን ራሷ መረጠች፣ ውስጣቸው የሚገባውን ስፖንጅ ራሷ ቆረጠች፣ ምን ያህል ሲለሰልስ ድንጋዩን እንደሚቆነጥጥ ደጋግማ ሞከረች።

"ሰው የልጁን ሠርግ ያያል፣ እኔ የአሻንጉሊት ጎማ አያለሁ" ይል ነበር አብዱልመናን፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም።

ውድድሩ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ ሲሃም ባትሪ ልታመጣ ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳ መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። አብዱልመናን ዙሪያውን ቃኘ፤ ማንም የለም። አነሳት። ጡጫ የሚያክለውን ጎማ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ጭብጥ አለ። ወደ ብርሃን አዙሮ ሲያየው መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለ። በማዶውም ሌላ። አራቱም ጎማ ላይ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስምንት።

እዚህ ላይ ትናንት ሥራ የጀመረ ሰው እንኳ አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር፦ ምስማር ምን ሥርዓት ቢኖረው ነው አራት ጎማ እኩል ቦታ ላይ የሚወጋው? አብዱልመናን ግን መጠየቅ፣ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው ብሎ ያምናል።

"ይሄ ዩኒቨርሲቲ የሚሉት ቀዳዳ ማየት እንኳ አያስተምርም እንዴ!" አለና ተቀመጠ።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጁ በሰው ፊት እንድታፍር አልፈለገም። ይወዳታል፤ ነግሯት ግን አያውቅም። መነጽሩን አደረገ። ጥቃቅኖቹን ብሎኖች ፈትቶ ጎማውን ከቸርኬው አወጣ፤ ገልብጦ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፤ ከቀጭን ከመነዳሪ ጥፍር የሚያህል ክብ እየቆረጠ፣ ማስቲሽ እየቀባ ከውስጥ ለጠፈ። አራቱንም ጨርሶ ብሎኖቹን ሲያጠብቅ ከጀመረ ሁለት ሰዓት አልፎታል። በዕድሜው እንዲህ ተጠንቅቆ የሠራው ሥራ የለም። ለሲሃም ግን አልነገራትም። ዓመት ሙሉ የሰደበውን አሻንጉሊት ቁጭ ብሎ ጠገነ መባል ለሱ ውርደት ነበር።

ቅዳሜ ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ከረረ። አብዱልመናን ድንጋዩ ሥር ቆሞ አፉን ፈታው። የመቂውን የሽንኩርት ደላላ ጀቤሳን፣ የውድድር መኪናውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሲመጣ አየውና፣ "ሽንኩርቱን እንዲህ ብትንከባከበው አዲስ አበባ ሳይበሰብስ ይደርስ ነበር" አለው።

"ኦቦ አብዱልመናን፣ እርስዎ ደግሞ ጎማ እንጂ ሰው አይጠግኑም" ብሎ ጀቤሳ ሳቀ።

ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሦስት ሙከራ ይሰጠዋል። የሲሃም መኪና የመጀመሪያውን ጉብታ ስትነካ ነጠረችና ቁልቁል ተንሸራተተች። ሲሃም ግራ ተጋባች፤ ባለፈው ሳምንት እንደ ድመት የወጣችበት ድንጋይ ነው። በሁለተኛው ሙከራ ድንጋዩ መሃል ደርሳ ተገለበጠች።

ያኔ አብዱልመናን ጎማዎቹን ልብ አላቸው። ውስጣቸው የታፈነው አየር በፀሐዩ ግሎ ወጥሯቸዋል። ለስልሰው ድንጋዩን ማቀፍ ሲገባቸው እንደ ኳስ ይነጥራሉ። ክው አለ። ቀዳዳዎቹ መተንፈሻ ነበሩ፤ ጎማው ድንጋይ ሲያገኝ ጭብጥ እንዲል አየሩ የሚወጣባቸው። ዕድሜውን ሙሉ አየር ሲሞላ የኖረ ሰው፣ አየር ሊወጣለት የሚገባ ጎማ አለ ብሎ አስቦ አያውቅም። ሊኩል ሄዶ ዓይን አጠፋ ማለት ይህ ነው።

ከሦስተኛው ሙከራ በፊት የሩብ ሰዓት ዕረፍት ነበር። ስምንት ጊዜ በወስፌ ወጋ ወጋ ማድረግ ብቻ ነው፤ ወስፌው ደግሞ ኪሱ ውስጥ አለ። ሁለት ርምጃ ወደ ልጁ ተራመደ። ጀቤሳ ዞር ብሎ አየው። ጠዋት የሰደባቸው ሁሉ እዚያው ቆመዋል። "ጎሚስታው የገዛ ልጁን ጎማ ደፈነ" የሚለው ወሬ ከሱ ቀድሞ አዳማ እንደሚገባ ታወቀው። ማዶ ያለው ጎሚስታ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ታየው። ቆመ። ምናልባት በሦስተኛው ትወጣ ይሆናል ብሎ ራሱን ሸነገለ። ያ ለማንም የማያርፍ አፍ፣ በሚፈለግበት ሰዓት ተለጎመ።

ሲሃም ጫፉ ላይ ልትደርስ ስንዝር ሲቀራት ተንሸራተተች። ናይሮቢ ለጀቤሳ ሆነ።

አላለቀሰችም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ብሎኖቹን ፈታች፤ አንዱን ጎማ ገለበጠች። ልጣፊውን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ጠርዙ የሳሳ፣ ቢስቡት የማይለቅ። የማን እጅ እንደሆነ ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። ቀና ብላ አባቷን አየችው።

"አባዬ፣ መቼ ነው የገባህ?" አለችው በቀስታ።

ሊዋሻት ይችል ነበር። "ከሦስተኛው በፊት" አላት።

ጀቤሳ ሊያጽናናት መጥቶ ጎንበስ ሲል ልጣፊውን አየ።

"ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው መተንፈሻ የሚደፍነው? ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

ሁሉም ዞረው ተመለከቱ። ሲሃም ጎማውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"አላውቀውም" አለች፤ "መንገድ ዳር ያለ አንድ ጎሚስታ ነው።"

ሰዎቹ ሳቁ። አብዱልመናንም ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ አብሯቸው ሳቀ።