የስድስት ደቂቃ መንገድ

ስድስት ደቂቃ ረጅም ነው። ሰዓት ይዞ ቆሞ ያልጠበቀ ሰው አያውቀውም። ሰው ሲራመድ እያየሁ ስቆም አንዳንዴ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። እግሬ ቡሬ ዳር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ጓሮ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ነው፤ ዓይኔ ግን ቤልጂየም የተማርሁበትን ረጅም ነጭ ኮሪደር ያያል። የሁለቱም ዝምታ አንድ ነው። ኮቴ ይሰማል፤ ትንፋሽ ይሰማል፤ ደግሞ ኮቴ።

ሥራዬ ትንፋሽ ነው። ሰዎች ዶክተር ሲሉኝ መርፌ ይጠብቃሉ፤ እኔ ግን የልብና የሳንባ ፊዚዮቴራፒ አስተማሪ ነኝ። ከሳንባ ነቀርሳ ድነው ትንፋሻቸው ያልተመለሰላቸው ሃያ አራት ሰዎች ከነሐሴ ጀምረው በሳምንት ሁለት ቀን እኔ ዘንድ ሲለማመዱ ቆይተዋል። ከንፈር አሹሎ አየርን ቀስ አድርጎ ማስወጣት፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ግማሽ ድረስ ውሃ የያዘ ጀሪካን ማንሳት። ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዳቸው በስድስት ደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚራመዱ ለክቻለሁ። አሁን ኅዳር ነው፤ እንደገና እየለካሁ ነው። በአማካይ ሠላሳ ሜትር ከጨመሩ ሥልጠናው ይቀጥላል። ካልጨመሩ ሰኞ የሚሰበሰበው የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ይዘጋዋል። ለሃያ አራቱም ሆነ ከኋላቸው ተመዝግበው ለሚጠብቁት በዚህ አካባቢ ሌላ የሚሄዱበት የለም።

ከተመለስሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፤ አንዱ ሻንጣዬ ዛሬም አልተፈታም። ባሕር ማዶ የተማርሁት ነገር እዚህም እንደሚሠራ ለተማሪዎቼ በእርግጠኝነት አስረዳለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ግን እጠራጠራለሁ።

ሐሙስ ጧት ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር። ከአጥሩ ማዶ የተሰጣ በርበሬ ሜዳውን አቅልቶታል፤ በጭጋጉ ውስጥ ሲታይ የማያቃጥል እሳት ይመስላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዎች አስነሣሁ። አንደኛው የኔታ ሃይለ ሚካኤል ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ፤ ትንፋሽ ካጠራቸው ወዲህ ረጅሙን ዜማ ለደቀ መዛሙርታቸው ትተዋል። ሁለተኛዋ እትዬ እናኑ ናት፤ በርበሬ አምራች ናት፤ አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀን ስላጠረኝ በዚህኛው ዙር ሁለት ሁለት ሰው ጎን ለጎን ነው የማስኬደው። ሠላሳ ሜትር ሄደው ሳሩ ላይ ያስቀመጥሁትን ድንጋይ ዞረው ይመለሳሉ።

«ጥሩ እየሄዳችሁ ነው፤ አራት ደቂቃ ይቀራችኋል» አልሁ። መመሪያው ከዚህ ሌላ ቃል፣ ከዚህ ሌላ የድምፅ ቃና አይፈቅድም።

«ይቺ ልጅ ደግሞ እንደዚያች የስልኳ ሴትዮ ሆነች!» አለች እናኑ እየተራመደች። «የደወሉላቸው ደንበኛ በይና ገላግይን እንጂ።»

የኔታ ሳቅ አፈናቸው። መመሪያው ማውራትም አይፈቅድም።

ጨረሱ። ሦስት መቶ አራት ሜትር፣ ሦስት መቶ ሁለት ሜትር። በነሐሴ ሁለት መቶ ዘጠና ስምንትና ሁለት መቶ ዘጠና ነበሩ። ምንም ማለት አይደለም። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገለጥሁ። ቁጥሮቹ አልተንቀሳቀሱም። ሦስት ወር ሙሉ ሰው ከገጠር እየጠራሁ ጀሪካን ሳስነሣ የከረምሁት ለዚህ ነው? ዓይኔን ጨፈንሁ። ኮሪደሩ መጣ፤ ነጭ፣ ባዶ፣ ጫፍ የሌለው።

ዓይኔን ስገልጥ ቁጥሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ታዩኝ። 287 እና 286። 311 እና 309። 304 እና 302። በሁሉም ጥንድ ውስጥ ኋላ የቀረው በዕድሜ የሚያንሰው ነው። የቀረውም በአንድ በሁለት እርምጃ ብቻ ነው።

«እትዬ እናኑ» አልሁ። «የኔታን ለምን አላለፏቸውም?»

«ማንን?» ነጠላዋን አስተካከለች። «የኔታን? ቀድሜ?»

«ደክሞዎት ነበር?»

«ኧረ ምን ይደክመኛል! ከበርበሬው ማሳ እስከዚህ በእግሬ አይደል የመጣሁት።» ከዚያ አፈረችልኝ። «ምን ነካሽ እቴ? አንቺስ አባትሽን ጀርባሽን ሰጥተሽ ታልፊያለሽ?»

የኔታ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይሰሙ ነበር። «እኔም እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሴትዮዋ ከኋላዬ እንዳትቸገር ብዬ ቀስ ነበር ያልሁት።»

ፊቴ ጋለ። እዚሁ አገር ተወልጄ፣ አባቴን በመንገድ ላይ አንድ ቀን እንኳ ሳልቀድም አድጌ፣ ሃያ አራት ሰው ጎን ለጎን አስኬድሁ። እዚያ ኮሪደር ውስጥ ወጣቱ ሽማግሌውን ይቅርታ ብሎ ያልፋል፤ ማንም ቀና ብሎ አያይም። እኔ የለካሁት ትንፋሻቸውን አይደለም። ትሕትናቸውን ነው።

«ካረፋችሁ በኋላ ለየብቻችሁ ብትሄዱልኝ?»

«እሳቸውም እኔም ማለትሽ ነው?» አለች እናኑ። «ብቻዬን ምን ስሆን? ሰው ምን ይለኛል፣ ድንጋይ ስዞር!»

«ማንም አያይም። የኔታም ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞራሉ።»

«አዞራለሁ» አሉ የኔታ። «ዙሪ አንቺ።»

ግማሽ ሰዓት አረፉ። ጭጋጉ ተነሥቶ የበርበሬው ሽታ መጣ፤ ሁለቱንም ትንሽ አሳላቸው። ከዚያ እናኑ ብቻዋን ተነሣች። መጀመሪያ እግሯ አመነታ፤ ከፊቷ የሚሄድ ሰው የምትፈልግ ይመስል ነበር። በሦስተኛው ዙር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። በአምስተኛው የባሕር ዛፉ ጥላና ብርሃን እየተፈራረቀባት ስትመጣና ስትሄድ ሴትዮዋን ሳይሆን የምትተነፍሰውን አየር የማይ መሰለኝ፤ ከንፈሯን አሹላ፣ ልክ እንዳስተማርኋት፣ አየሩን ቀስ አድርጋ ስታወጣው። የት እንዳለሁ አልጠፋኝም። ቡሬ ነበርሁ።

ሦስት መቶ ሰባ አንድ ሜትር።

ቀጥሎ የኔታ ተነሡ። ቀጥ ብለው፣ ባለ በሌለ ጉልበታቸው ሄዱ። ከፊታቸውም ከኋላቸውም ሰው አልነበረም። በአራተኛው ደቂቃ ቆመው መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ሲጨርሱ መዝገቡን እያየሁ ዘገየሁ።

«ስንት ሆነ?»

«ሦስት መቶ ስድስት።»

«የሷስ?»

መዝገቡን አጠፍሁት። እናኑ ራቅ ብላ ውሃ ትጠጣለች።

«አንቺ ልጅ፣ ለኔ ብለሽ አትደብቂ። ቀድማኛለች?»

«ቀድማዎታለች። በብዙ።»

ለረጅም ጊዜ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያ ቀስ ያልሁት ለሷ አልነበረም» አሉ። «መንገዷን የዘጋሁባት እኔ ነበርሁ።» ሳል ያዛቸው፤ አለፈላቸው። «ጻፊው። የሷንም ጻፊ፤ የኔንም እንዳለ ጻፊው። የኔን አሳምረሽ ብትጽፊው እቀየምሻለሁ።»

ጻፍሁት። ሦስት መቶ ሰባ አንድ፣ ሦስት መቶ ስድስት። ከሥሩ ደግሞ «ጎን ለጎን ያስኬድሁት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የሁለተኛው ዙር ልኬት በሙሉ ተሰርዟል» ብዬ ፈረምሁ። የመለኪያው ጊዜ ቅዳሜ ማታ ያበቃል። ሃያ ሁለት ሰው ይቀረኛል። ሁሉንም ባገኛቸውም አማካዩ ሠላሳ ይሙላ አይሙላ አላውቅም፤ ስንቱ እንደ እናኑ፣ ስንቱ እንደ የኔታ እንደሚሆን ማን ያውቃል?

ስልኬን አውጥቼ ለመጀመሪያዋ ደወልሁ። ያምሮት ትባላለች፤ ቡሬ ገበያ ውስጥ ጨው ትሸጣለች።

«እንደገና ልራመድ? ሄድሁልሽ አይደል እንዴ ማክሰኞ!»

«ማክሰኞ ከአማትሽ ጋር ነበርሽ። አሁን ብቻሽን ነው።»

ከገበያው ጫጫታ መሀል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ብቻዬን? እሳቸው ግቢው ውስጥ የሉም?»

«የሉም። እሳቸውን በሌላ ሰዓት ነው የምጠራቸው።»

«እንግዲያ ነገ ጧት በአንድ ሰዓት ጠብቂኝ» አለች። «መሮጥ ይፈቀዳል?»