በቀይ ብርሃን ቀይ ጽሕፈት

የላብራቶሪ ባለሙያዋ የአሉሚኒየሙን መጠቅለያ ከሁለቱ ብልቃጦች ላይ ገልጣ ባለችበት ደርቃ ቀረች። የለጠፈችባቸው ነጫጭ ወረቀቶች ባዶ ናቸው። ጠዋት ውጭ ባለው ጠረጴዛ ላይ በገዛ እጇ ጽፋባቸው ነበር፤ ግን በቀይ እስክሪብቶ። እዚህ ክፍል ደግሞ ከቀይ አምፖል በቀር ብርሃን አይገባም። ቀዩ ብርሃን ቀዩን ጽሕፈት ዋጥ አድርጎታል።

በአንደኛው ብልቃጥ ያሉት የፕሮቲን ክሪስታሎች መድኃኒቱን ይዘዋል፤ የሌላኛው ለማነጻጸሪያ የተቀመጡ ባዶዎች ናቸው። መድኃኒቱ በጨለማ ቀጥ ብሎ ፕሮቲኑ ላይ ይጣበቃል፤ ሐምራዊ ብርሃን ሲነካው ጉብጥ ይልና ይለቃል። አለቃዋ ያቺን የመልቀቂያ ቅጽበት በራጅ ማንሳት ይፈልጋሉ። የራጁ ማሽን ተራ የሚደርሳቸው በዓመት አንዴ ነው፤ ተራቸው ዛሬ ከሰዓት። ነጩን መብራት ብልጭ ብታደርግ ጽሕፈቷን ታነባለች፤ በነጩ ውስጥ ሐምራዊም ስላለ ግን መድኃኒቱ እዚያው ይለቅና ክሪስታሎቹ ይሰነጠቃሉ። በግምት ብትሰጥ ደግሞ ማሽኑ ባዶውን ሲያነሳ ሊውል ነው።

እናቷ ትዝ አለቻት። የምትወስደው መድኃኒት የታመመውንም ጤነኛውንም ሳይለይ እየነካ የምግብ ፍላጎቷን ከዘጋው ሰነባብቷል። ብርሃን ባረፈበት ብቻ የሚሠራ መድኃኒት እየሞከርን ነው ስትላት፣ እንግዲያው እስኪደርስልኝ መስኮቱ ሥር አንጥፊልኝ ብላ ቀልዳባታለች።

በሩ ተንኳኳ። አለቃዋን ሁሉም «ጋሽ ቀስ በሉ» ይሏቸዋል፤ ከአፋቸው የማይጠፋ ቃል ስለሆነ። ዛሬ ግን ብልቃጡን ወደ ማሽኑ የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀ ነውና ቶሎ በይ እያሉ ነበር።

እጇ ወደ ማብሪያው ሄደ፤ ተመለሰ። አምላኬ አታሳፍረኝ አለች በልቧ።

«ጋሼ፣ ብልቃጦቹ ላይ በቀይ ነው የጻፍኩት።»

አለቃዋ ከበሩ ወዲያ ሆነው መለሱላት።

«ነጭ ግድግዳ ላይ በኖራ ጻፍሽልኛ! በይ፣ መብራቱን እንዳትነኪው። ቀስ በይ።»

ቃሉን ስትሰማ ትንፋሿ ተመለሰ። ፕሮቲኑ መድኃኒት ካልተጣበቀበት አንድ የመመርመሪያ ፈሳሽ ሰማያዊ ያደርጋል፤ ሰማያዊ ደግሞ በቀይ ብርሃን ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከየብልቃጡ ጥቂት ክሪስታል ያለበት ጠብታ ወስዳ ፈሳሹን ጨመረችበት፤ ብልቃጦቹን መልሳ ጠቀለለችና ግራና ቀኝ አኖረቻቸው።

ሁለቱም ጠብታዎች ጥርት እንዳሉ ቆዩ። ሁለቱም ተበላሽተዋል ማለት ነው ስትል የግራው ጠቆረ። ስለዚህ ባዶው እሱ ነው፤ መድኃኒቱ ያለው በቀኙ። ወይስ የቀኙ ፕሮቲን ተበላሽቶ ይሆን? የተበላሸም እኮ አያጠቁርም።

ለሙከራው የተቀመጠችውን ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጥ የእጅ ባትሪ አንስታ በመዳፏ ከልላ በቀኙ ጠብታ ላይ ብቻ አበራች። ምንም የለም። አሁንም ምንም። ከዚያ ከጠብታው ዳር ክር የመሰለ ጥቁረት ገባ፤ ተስፋፋ፤ ሞላው።

«ለቀቀ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

የቀኙን መጠቅለያ በጥቁር ቀለም አሰመረችበትና ሁለቱን ብልቃጦች ይዛ በሩን ከፈተች። ጋሽ ቀስ በሉ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ መኪናው ሮጡ።