የሐሙስ ኩኪስ

ባይሳ ያረፈው ሐሙስ ንጋት ላይ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ሆቴል ኬክ ጋጋሪ ነበር፤ ጉበቱን ታሞ ሆስፒታል ከገባ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ወሬው ቤት ሲደርስ የስምንት ዓመት ልጁ ቢሊሴ ተኝታ ነበር። የሚስቱ አባት አቶ ገብረአምላክ ሴቶቹ እንዳይጮኹ በእጃቸው ዝም አሰኟቸውና ትንሿን ልጃቸውን ሩቲን ወደ ጓሮ ጠሯት።

"ልጅቷን ይዘሻት ወደ ቤትሽ ሂጂ" አሏት። "ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ማታ ስትመለስ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። እስከዚያ ካፍሽ አንዲት ቃል እንዳትወጣ።"

"እሺ አባዬ" አለች ሩቲ። አባቷን እምቢ ብላ አታውቅም። እህቷን፣ የባይሳን ሚስት ጦቢያን ቀና ብላ ለማየት እንኳ ሳትደፍር ገብታ ልጅቷን ቀሰቀሰች፤ ሹራብ ደረበችላት፤ በነሐሴ ዝናብ እየጎተተች አወጣቻት። መንደሩ አፍ ላይ የዕድሩን ድንኳን የጫነ ፒክአፕ ሲያልፋቸው ሩቲ ጃንጥላውን ወደዚያ አዘንብላ የልጅቷን ዓይን ጋረደች።

ሩቲ ከለገሃር ጀርባ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ቢሊሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታወዛውዝ ቆየችና፣

"ዛሬ ሐሙስ ነው አይደል?" አለች።

"አዎ።"

"አባቢ ሐሙስ ነው የሚያርፈው።"

ሩቲ፣ ልጅቷ የሥራ ዕረፍቱን ማለቷ እንደሆነ እስኪገባት ድረስ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቆመች። እውነትም ሐሙስ ሐሙስ ባይሳ ከሆቴል ስለሚቀር ከልጁ ጋር የዝንጅብል ኩኪስ ይጋግር ነበር። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሲጋግር የሚውል ሰው በዕረፍቱ ቀን ደግሞ ቤቱ ይጋግራል እያሉ ጎረቤቶቹ ይስቁበት ነበር።

"እሱ እስኪሻለው እኛ እንጋግር። አንቺም ኦቨን አለሽ" አለች ቢሊሴ።

ሩቲ ልጅቷን የምታውልበት ነገር በማግኘቷ ደስ አላት። ወርዳ ፉርኖ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ገዝታ ተመለሰች። ቢሊሴ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች አየችና፣ "ሞላሰሱስ?" አለች።

ሞላሰስ ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፍ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወፍራም ፈሳሽ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በከብት መኖነቱ ነው። ባይሳ ግን ወንጂ ያለ ወዳጁ ንጹሑን መርጦ በጠርሙስ ይልክለት ነበር፤ ኩኪሱን የሚያጠቁረውና ትንሽ መረር የሚያደርገው እሱ ነው።

"በስኳር ብቻ ብንሠራውስ?" አለች ሩቲ።

"እሱማ በቃ ብስኩት ነው። ብስኩት ሱቅም አለ። ቤት ሄደን እናምጣ።"

"አይሆንም!" ድምፅዋ ለራሷም ጮኸባት። "ማለቴ... ዝናብ ነው። ጋሽ ጅብሪል ያምጣልን።"

ጅብሪል የባይሳ የግድግዳ ጎረቤት ነው፤ ላዳ ታክሲ ይነዳል። ቢሊሴን ባየ ቁጥር "አለቃዬ፣ ዛሬ የት ላድርስሽ?" እያለ በሩን ከፍቶላት እንደ ሹፌር ያጎነብስላታል። ሩቲ ኮሪደር ላይ ወጥታ በሹክሹክታ ደወለችለት። ብዙም ሳይቆይ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሰጣት፤ አላጎነበሰም፣ አለቃዬም አላለም። የልጅቷን ራስ ዳሰስ አድርጎ ፊቱን በጃኬቱ እጅጌ እየጠረገ ደረጃውን ወረደ። ቢሊሴ የእግሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ከዚያ ሥራ ጀመሩ። ሩቲ ቅርንፉዱን ወቀጠች፤ ቢሊሴ ዱቄቱን በወንፊት ነፋች። ፍልሰታ ስለሆነ ቅቤና እንቁላል አልገባበትም፤ ሞላሰሱን ከዘይት ጋር ለስለስ ባለ እሳት አሞቁት። ቅመሙ ሲጨመርበት የባይሳ ሸሚዝ ጠረን ክፍሉን ሞላው፤ ሩቲ መስኮቱን ከፍታ ፊቷን ወደ ዝናቡ አወጣች። ቢሊሴ ግን እንደወትሮዋ "ቀስ በይ፣ አታሽሺው" ማለቱን ትታለች። ሊጡን እያድቦለቦለች ስኳር ታስነካዋለች፤ ትሪው ላይ ታስቀምጥና በብርጭቆ ቂጥ ትጫነዋለች።

የመጀመሪያው ትሪ ኦቨን ከገባ በኋላ፣ ሁለተኛውን እየደረደረች፣ "ሩቲዬ፣ ጋሽ ጅብሪል ለምንድን ነው ያለቀሰው?" አለች።

"ጉንፋን ይዞት ነው።"

"ጉንፋን የያዘው ሰው ያስላል።" ብርጭቆውን ተጫነች። ቀና ሳትል፣ "አባቢ ሞቷል?" አለች።

ሩቲ የአባቷን ትእዛዝ አሰበች። ማታ ስድስት ሰባት ሽማግሌ መሐል ተቀምጣ ስትሰማ፣ ይህችው ልጅ ቀኑን ሙሉ አብራት ሊጥ ስታቦካ የዋለችውን አክስቷን እንዴት አድርጋ እንደምታያትም አሰበች። መዋሸት ፈልጋ ነበር፤ ቃሉ ግን አልመጣላትም። እጇ ላይ ያለውን ዱቄት ሳትጠርግ አጠገቧ ተንበረከከች።

"አዎ፣ የኔ ቆንጆ። ሞቷል። ዛሬ ንጋት ላይ።"

ቢሊሴ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ሩቲ ልታቅፋት ስትል ሰውነቷ እንደ እንጨት ደርቆ አገኘችው። ሩቲ ተነስታ ኦቨኑን ልታጠፋ እጇን ስትዘረጋ፣ "አታጥፊው" አለች ልጅቷ። "ዳር ዳሩ ገና አልጠቆረም።"

ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው በመስተዋቱ ወደ ውስጥ አዩ። ኩኪሱ እየሰፋ፣ ፊቱ እየተሰነጣጠቀ ሄደ። ዳሩ ሲጠቁር ቢሊሴ "አሁን" አለች፤ ሩቲ አወጣችው።

"ተቀብሯል?"

"ገና ነው።"

"ታዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?"

ሩቲ ትሪውን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ትታ ነጠላዋን አነሳች።

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ወደ መቃብሩ እየሄደ ነበር። አቶ ገብረአምላክ ሁለቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሰው እየገፉ መጥተው የሩቲን ክንድ ጨበጡ።

"ምን አድርጊ ብዬሽ ነበር?"

"ጠየቀችኝ፣ አባዬ።"

"ሕፃን ናት እኮ! ሕፃን እዚህ ታቆሚያለሽ?"

ቢሊሴ ግን አልፋቸው ሄዳለች። ጦቢያ በሁለት ሴቶች ተደግፋ "ባይሴ፣ ባይሴ" ትላለች፤ ድምፅዋ ተዘግቶ የሚሰማው ትንፋሽዋ ብቻ ነው። ልጇ ወገቧን ስታቅፋት ማን እንደሆነች ያወቀች አትመስልም ነበር። ቢሊሴ አላለቀሰችም። ሳጥኑ ሲወርድ፣ አፈሩ ሲመለስ፣ የእናቷን ቀሚስ እንደያዘች ዓይኗን ሳትነቅል አየች።

አቶ ገብረአምላክ ሁለት ቀን ሩቲን አላናገሯትም። በሠልስቱ ዕለት ኩኪሱን በቆርቆሮ አድርጋ ይዛ መጣች፤ ለቅሶ ቤት ጣፋጭ ይዞ መግባት አሳፍሯት ከነጠላዋ ሥር ደብቃው ነበር። ቢሊሴ ተቀብላት ለእናቷ አንድ አወጣችላት። ጦቢያ ከሐሙስ ወዲህ ከውሃ በቀር አልቀመሰችም። ኩኪሱን ብዙ ጊዜ መዳፏ ላይ ይዛው ቆየችና ትንሽ በትንሽ እየቆረሰች በላችው።

"ቅቤ አለበት?" አሉ አቶ ገብረአምላክ ከተቀመጡበት።

"የለበትም አባዬ፤ በዘይት ነው።"

"ደግ አልሠራሽም" አሏት፤ ስለ ቅቤው እንዳልሆነ ሁለቱም አውቀውታል። ቢሊሴ ቆርቆሮውን ይዛ ስትቀርባቸው ግን አንድ አነሱ።

ሩቲ ደግ መሥራቷንና አለመሥራቷን ለረጅም ጊዜ እርግጠኛ አልሆነችም። ልጅቷ መስከረም እስኪጠባ ጠብታ እንባ አላወጣችም፤ ትምህርት የተከፈተ ቀን ግን ደብተሯን ልትሸፍን ተቀምጣ አልቅሳ አልቅሳ አተኮሳት። ከአርባው በኋላ ሩቲ የሆዷን አወጣች።

"ሳላመጣት ብቀር ይሻል ነበር ወይ፣ ጦቢዬ?"

ጦቢያ ልብስ እያጠፈች ነበር።

"እኔ የዚያን ቀን ምንም አላየሁም" አለች። "ሰው ይዞኝ ሄደ፣ ሰው ይዞኝ መጣ። ሳጥኑን በራስጌው በኩል ማን እንደያዘው፣ ጅብሪል ጫማውን አውልቆ አፈር እንደመለሰ፣ ዝናቡ መቼ እንዳባራ አላውቅም። እሷ ናት የነገረችኝ። ማታ ማታ እየጠየቅኋት ትነግረኛለች።"