ሎሚው ላይ የተተከለ የልብስ ቁልፍ

"ሎሚው ላይ የልብስ ቁልፍ የተከለው ማነው?" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠች።

ባሏ የስፌት መኪናዋን በገመድ እየጠፈረ ነበርና ቀና አላለም። ዕድሜውን በጭነት መኪና የፈጀ ሾፌር ስለሆነ ቋጠሮው በሬም አያስመልጥም። ሰፊዋ የዓይኗ ሞራ ከተገፈፈ ወዲህ ከጉም በቀር የምታየው አልነበረም። ሐኪሙ ቀስ እያለ ይጠራልሻል ቢላትም፣ ጉሙ አልጠራ ሲላት ተስፋ ቆረጠች። መርፌ ይቅርና ሰው መለየት ካቃተኝ የስፌት መኪናው ምን ያደርግልኛል፣ ለሚሠራበት ይሸጥ ብላ ወሰነች። ልጆቿን ያሳደገችበት መኪና ነው። ገዢው ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

"ምን ዓይነት ቁልፍ?" አለች ልጇ፣ ልብስ እያሰጣች። ለታመመ ሰው በሚወጣ ለስላሳ ድምፅ ነበር የጠየቀችው።

"አረንጓዴ ነው። ቀያይ ክብ ክብ ነገር አለው፤ ክቦቹ ደግሞ በጥቁር ተከፍፈዋል።"

አባትና ልጅ ተያዩ። ሾፌሩ እንደ ልማዱ ሎሚውም ካፖርት ሊያሰፋ ነው ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ የሳቀለት ግን የለም። ሰፊዋ ተቆጣች። ዓይኔን እንጂ ጭንቅላቴን አልታከምኩም፣ ሂጂና አምጪልኝ አለቻት።

ልጅቷ እናቷን ላለማስከፋት ብቻ ሄደች። ቅጠሉን ያዝ አድርጋ ጣቷን ስትሰድ፣ ቁልፉ በስድስት ቀጫጭን እግሮች ተነሥቶ ወደ ቅጠሉ ማዶ ዞረ። እጇን ሰብስባ ቆመች።

"እማዬ፣ ቁልፍሽ ይሄዳል" አለች።

ሾፌሩ ከበረንዳው እስከ ሎሚው ያለውን ርቀት በዓይኑ ለካ። አንድ የጭነት መኪና እስከነተሳቢው ያቆማል። ገመዱን ለቀቀው።

ጎረቤታቸው የግብርና ባለሙያ ናትና በአጥር ጠሯት። መጥታ ጎንበስ ብላ አየችው፤ በስልኳም ፎቶ አነሣችው። ጥንዚዛ ይመስላል እንጂ አይደለም አለቻቸው፤ ጀርባውን ጋሻ የመሰለ ቅርፊት ሸፍኖት ነው እንጂ ወገኑ ከነትኋን ነው። ሰው አይነክስም፤ ከነኩት ግን ይገማል። የሎሚና የጥጥ ጭማቂ መምጠጥ ይወዳል።

"ይሄ ጌጥ የትኋን ዘመድ?" አለች ሰፊዋ።

"ዘመድ አይመረጥም" አለ ባሏ። "የአንቺን ወንድሞች አይቼ የለ?"

ሁሉም ሳቁ። ጎረቤቲቱ ማን እንዳገኘው ስትጠይቅ ልጅቷ "እማዬ ናት" አለች። ሰፊዋ ወደ ልጇ ዞረች። እንዲህ አጥርታ ካየቻት ወራት አልፈዋል። ጉንጯ ጎድሏል፤ ከዓይኗ ሥር ጠቁራለች።

"ከስተሻል" አለቻት። "በእኔ ምክንያት ነው። የዓይን ጠብታውን አንድም ቀን ሳታስተጓጉዪ፣ እንቅልፍሽን አጥተሽ አስታመምሽኝ። እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ።"

ልጅቷ እናቷን አቅፋ አለቀሰች። ሰፊዋ ደጋግማ ተመስገን አለች። ሾፌሩም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የሌለ አቧራ ከመኪናው ላይ ጠረገ።

ጎረቤቲቱ፣ ዛፉን ሳልጎዳ በሳሙና ውሃ ላራግፍላችሁ እትዬ አለች።

"ተይው እባክሽ" አለች ሰፊዋ። "ሎሚው ለእሱም ለእኛም ይበቃል። ባለውለታዬ ነው።"

ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ ለገዢው እንዲደውልለትና በከንቱ እንዳይለፋ እንዲነግረው ጠየቀችው። ሾፌሩ ደውሎ ሰውየውን ይቅርታ ጠየቀ፤ ስልኩን ኪሱ ከትቶም ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ሰፊዋ ግን ቀድማው መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣለች።

"ተው" አለችው፣ ቋጠሮው ላይ አፍጥጣ። "የቱ ጫፍ ከላይ እንደሆነ ይታየኛል።"