የሐጂ ጂብሪል መስታወት

በ1987 ዓ.ም. ኅዳር፣ ሐርጌሳ ውስጥ መስኮቱ መስታወት ያለው ቤት ማግኘት ጭንቅ ነበር። ጣሪያ ያለውም ቢሆን ብዙ አልነበረም። እንዲህ ባለ ከተማ ነው እንግዲህ እኔ ዘሩባቤል የመኪና መስታወት ገጣሚ ሆኜ እንጀራዬን የፈለግኩት። ሞያውን የተማርኩት በሠራዊቱ ጋራዥ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን ካቻቢቴዬን ይዤ ድንበር ተሻገርኩ፤ ሰላም ፍለጋ መሆኑ ነው። ብልጠቴን እዩልኝ።

ደንበኛዬ አንድ ብቻ ነበሩ፣ ሐጂ ጂብሪል። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ግቢያቸው ውስጥ በእንግሊዝ ጊዜ የተገዛች ኦስቲን መኪና አለቻቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሰው ሁሉ የከበረ ዕቃውን እየቀበረ ነበር የሸሸው። ሐጂ ወርቅ አልቀበሩም። የኦስቲኗን መስታወቶች ነቅለው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጓሮ ቀበሩና በእግራቸው ወጡ። ኢትዮጵያ ካለው የስደተኞች ካምፕ ሲመለሱ የቤታቸው ጣሪያ የለም፣ በሩ የለም፣ የበሩ ማጠፊያ እንኳ ተነቅሎ ሄዷል። መኪናዋን ሌቦቹም ንቀዋት ቆማለች። መስታወቶቹ ደግሞ ጭረት አልነካቸውም፤ የደረቀው ዙሪያቸውን የሚይዘው ጎማ፣ ጎሚኒው ብቻ ነው። ሐጂ ይህን ሲተርኩ ያን ጦርነት ያሸነፉት እሳቸው ብቻቸውን ይመስላሉ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጦርነት መጣ። መንግሥትና የጎሳ ታጣቂዎች በአውሮፕላን ማረፊያው ተጣልተው ከተማው ላይ ይተኩሳሉ። ባለቤቴ ብርሃንነሽ ዘጠነኛ ወሯን ይዛ እግሯ አብጧል። ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚሄዱት የጭነት መኪናዎች ሰውን እንደ ማገዶ አቁመው ነው የሚጭኑት። የኦስቲኗ የኋላ መቀመጫ ግን ስፖንጅ አለው። ፍራቻዬ አንድ ነበር፤ ልጄ መድፍ እየሰማ እንዳይወለድ።

ሐጂ በካምፑ የስንዴ ሰልፍ ላይ በተማሩት አማርኛ ቃል ገቡልኝ። «ያኔ አቧራ እየበላሁ ተሰደድኩ። አሁን በመስታወት ነው የምሰደደው። ግጠምልኝ፣ ሚስትህን ከኋላ አስቀምጣታለሁ። ወላሂ።»

ሌላው ዱቄት ከጅቡቲ ያስመጣል፣ ሐጂ ጎሚኒ በሜትር አስመጡ። ሥራው ቀላል ነው። ጎሚኒውን በመስታወቱ ዙሪያ ታለብሳለህ፣ ስንጥቁ ውስጥ ሲባጎ ትከታለህ፣ የሳሙና ውኃ ትቀባለህ። አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ ይጫናል፣ አንተ ከውስጥ ሲባጎውን ስትስብ የጎሚኒው ከንፈር እየተገለበጠ ቆርቆሮውን ይይዛል። ከውጭ የሚጫኑልኝ የሐጂ ባለቤት እማማ ዓሻ ነበሩ። ዝምተኛ ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ከእጄ አይነሳም።

ሲያልቅ ሐጂ አንድ ጀሪካን ውኃ ጣሪያዋ ላይ አፈሰሱ። በአህያ ተጭኖ የሚሸጥ ውኃ ነው። ጎሚኒው በመጠኑ ሰፋ ያለ ስለነበር ጥቂት ጠብታ ወደ ውስጥ ገባ። ሐጂ ጠብታዋን በጣታቸው ነክተው፣ እንዲህ ሆና አንድ እርምጃ አልሄድም አሉ። ደሜ ፈላ። ገበያ ሮጬ ማስቲሽ ገዛሁና ሁሉንም መስታወት ዙሪያውን ለጠፍኩት። ደህና ባለሙያ ጎሚኒ ላይ ማስቲሽ አይቀባም፤ ይህን አውቃለሁ። በማግስቱ ጀሪካኑ ተደገመ፣ ጠብታ አልገባም። ሐጂ ግንባሬን ሳሙኝ።

የዚያኑ ዕለት ረፋድ አንድ ሞርታር ሁለት መንገድ አልፎ ወደቀ። ብርሃንነሽን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ሐጂ ቁልፉን ጨብጠው መሪው ላይ ተቀመጡና በተገጠመው መስታወት ሰፈሩን ተመለከቱ። ሰፈሩ ይቆፍራል። አንዱ ሬዲዮ ይቀብራል፣ አንዷ የስፌት መኪና። ሐጂ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ንቀለው» አሉኝ።

ምኑን አልኳቸው።

«መስታወቱን። መንገዱ ጠጠር፣ ኬላው ጥይት ነው። ቀብረነው እንሄዳለን።»

ካቻቢቴዬን ሰደድኩ። ጎሚኒው ተቀደደ እንጂ አልለቀቀም። መስታወቱ ሲንቋቋ ሐጂ እጄን ያዙኝ። ማስቲሽ እንደቀባሁበትና ሳይሰበር እንደማይነቀል ተናዘዝኩ። በዚያ ከተማ ማንኛውም ዕቃ ነገ ተነቅሎ እንዲቀበር ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ለዘለቄታ ብሎ የሠራ ሞኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። ከዚያ ሄደው አካፋ አመጡና ሰጡኝ። «እንግዲያው መኪናዋን እንቀብራታለን» አሉ።

ሐጂ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የማይገባ ቃል ተናገርኳቸው፤ ዛሬም አልጸጸትም። እየሰደብኳቸው ሳለ ብርሃንነሽ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣ አቃሰተች። ምጥ ነበር። እማማ ዓሻ ሚስቴን ደግፈው አወረዷት። ዋናው መንገድ ላይ ወጥተው ፍየል የጫነ መኪና ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ እሳቸው አልተነቃነቁም። በመጨረሻ ፍየሎቹ ተገፍተው ለሦስት ሰው ቦታ ተገኘ።

ሐጂ አልመጡም። ልንነሳ ስንል ግን አካፋቸውን ጥለው እያለከለኩ ደረሱ፤ በእጃቸው ያ ብርድ ልብስ አለ። «ስድስት ዓመት መስታወት አቆይቷል፣ ልጁንም ያቆያል» ብለው ብርሃንነሽ ጭን ላይ አኖሩት። ከዚያ ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ። ንዴቴ ሳይበርድ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ልጄ ቶጎ ውጫሌ ሳንደርስ፣ ፍየል መሀል ተወለደ። መድፉ አይሰማም ነበር፤ አቧራው ግን በግራም በቀኝም ይገባል። እማማ ዓሻ ብርድ ልብሱን አራግፈው፣ የመስታወት ስባሪ እንዳይኖር ጥግ እስከ ጥግ በመዳፋቸው ዳበሱት። ልጁን ጠቀለሉና ጠርዙን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ዙሪያውን ወደ ውስጥ መለሱት፣ ልክ እኔ ጎሚኒ ስገጥም እንዳዩኝ። አንዲት ብናኝ አልገባችበትም። ማስቲሽም አላስፈለጋቸውም።